የጉቶ ሜዳው ዳኛ

ገመዳ ሰቦቃን የሚወደው ሰው በየካ አልነበረም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ሚስቱ አሳየች እንኳ፣ «እግዜር ቁጣውን አስቀድሞ ሠርቶ፣ በተረፈው ጭቃ ነው ሰው ያደረገው» ትል ነበር። ሥራው መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ ፍሬን መጠገን ነው። ሾፌሩ ሁሉ መኪናውን ለእሱ መስጠት ይፈልጋል፣ ከእሱ ጋር ማውራት ግን አይፈልግም። ጎማ ፈቶ ውስጡን ባየ ቁጥር፣ «ይሄ የፍሬን ሸራ እንዲህ እስኪያልቅ የነዳኸው ሰው ለመግደል ነው ወይስ ራስህን?» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ይህ ሰው ከልቡ የሚወደው አንድ ነገር ቢኖር የገና ጨዋታ ነበር። ነገሩ ሁሉንም ግራ ያጋባ ነበር፤ ምክንያቱም ገመዳ ጴንጤ ነው። ይጸልዩበት የነበረው ቤት ታሽጎ የቀበሌው ወጣቶች መሰብሰቢያ ከሆነ ቆይቷል። የየካ ሚካኤል ሽማግሌዎች፣ «በዓሉን ሳያከብር በጨዋታው ምን አገባው?» ይላሉ። አብረውት የሚጸልዩት ሰዎች ደግሞ ዱላ ይዞ ከጠጪ ጋር መሯሯጡን አይወዱለትም። የቀበሌ ካድሬዎች ጨዋታውን ራሱን «የፊውዳል ትርፍራፊ» ይሉታል። ገመዳ ለሦስቱም መልሱ አንድ ነበር፤ «እናንተን ማን ጠየቃችሁ?»

የሚጫወቱት ጉቶ ሜዳ ላይ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ጫካ ጫፍ ላይ፣ ዛፉ ተመንጥሮ ጉቶው ብቻ የቀረበት ሜዳ ነበር። ከሜዳው በላይ ያሉት ላይ ሰፈር፣ ከበታቹ ያሉት ታች ሰፈር ይባላሉ። በዓመት አንድ ቀን፣ የገና ዕለት፣ ሁለቱ ሰፈሮች ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ። ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር እየመቱ ከባላጋራቸው ድንበር ማሳለፍ ነው ጨዋታው። ግን ስንት ሰው በየትኛው ወገን እንደሚሰለፍ የሚያውቅ አልነበረም። ጠላ የጠጣውም ያልጠጣውም፣ ጢም ያላበቀለውም ሽማግሌውም ይገባል። ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ የአጥርና የውሃ ቂም የሚወጣው በዚያ ቀን ነው።

በ1976 ዓ.ም. ገና፣ ተሾመ የሚባል የታች ሰፈር ልጅ መንጋጋው ተሰበረ። ሩሯ ከእሱ ሩቅ ነበረች። ሆን ብሎ ከኋላው የመታው ሰው ማን እንደሆነ ሁሉም አይቷል፣ የተናገረ ግን የለም። ገመዳ ልጁን ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ወረደ። ተመልሶ ወጥቶ ጨዋታው እንደቀጠለ ሲያይ መሃል ሜዳ ገብቶ ሩሯን አንስቶ ወደ ጫካው ወረወራት።

«ከዛሬ በኋላ እዚህ ሜዳ ላይ ያለ ዳኛ ዱላ የሚያነሳ ሰው ከእኔ ጋር ነው የሚገናኘው!» አለ።

«ዳኛው ማን ሊሆን ነው?» አለው አንዱ እየሳቀ።

«እኔ ነኛ!»

ሳቁበት። እሱ ግን በማግሥቱ ጀመረ። ሜዳውን በገመድ ለካ፣ ድንበሩን በኖራ አሰመረ። ለየሰፈሩ እኩል ቁጥር ያለው ቡድን አወጣ። ዱላውን ከወገቡ በላይ ያነሳ ይወጣል፤ አፉ ጠላ የሸተተ አይገባም፤ ጨዋታው በዓመት አንዴ መሆኑ ቀርቶ ከገና እስከ ጾም መግቢያ በየሳምንቱ ይሆናል። በዓመት አንድ ቀን ብቻ ስለሚጫወቱ ነው የሚገዳደሉት የሚል እምነት ነበረው። «በየሳምንቱ የሚገናኝ ሰው ቂሙን ለሳምንት ብቻ ነው የሚያስቀምጠው» ይል ነበር።

የመጀመሪያው ጠብ የተነሳው ግን ከገና ተጫዋቾች ጋር አልነበረም። ከጎረቤቱ ከከማለዲን ጋር ነው።

ከማለዲን የውይይት ታክሲ ሾፌር ነው። ከገመዳ ጋር የሚለያያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ሲሆን፣ አንዱ ሲያስል ሌላው ይሰማዋል። የእግር ኳስ ፍቅር ያሳበደው ሰው ነበር፤ የሰፈሩን ቡድን የሚያሠለጥነው እሱ ነው። ሜዳው ደግሞ ያው ጉቶ ሜዳ፣ ልጆቹም ያው ልጆች ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዞ ሲመጣ ገመዳን ኖራ ሲበትን አገኘው።

«ይሄ ምንድነው?»

«መስመር ነው። አይታይህም?»

«ጎሌ መሃል ላይ ነው ያሰመርከው!»

«ጎልህን ንቀለው።»

ከማለዲን ኮቱን አውልቆ ለአንዱ ልጅ ሰጠ። ልጆቹ ሁለት ቦታ ተከፍለው ቆሙ፤ አብዛኞቹ የትኛው ወገን እንደሆኑ ራሳቸውም አያውቁም፤ ባለፈው ሳምንት ለአንዱ፣ በዚህ ሳምንት ለሌላው ነው የሚጫወቱት። ሁለቱ ሰዎች ኮሌታ ለኮሌታ ተያያዙ። መንጋጋው ገና በጨርቅ የታሰረው ተሾመ መሃላቸው ገብቶ በሚያጉረመርም አፍ፣ «እኛ ሁለቱንም መጫወት ነው የምንፈልገው!» ብሎ ጮኸ።

በዚያ ቀን ስምምነት ላይ የደረሱት በፍቅር አልነበረም፤ ስለ ደከማቸው ነው። አንድ ሳምንት ገና፣ አንድ ሳምንት ኳስ። አንዱ ልጅ ለሁለቱም መጫወት ይችላል፣ ሁለቱም በአንድ ቀን አይደረጉም። ተራው ሜዳው አጠገብ ባለው የወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ በቀለም ይጻፋል፤ ማንም ሰው እያለፈ ያየዋል።

እየተሰዳደቡም ቢሆን ስምምነቱ ሠራ። በሁለት ዓመት ውስጥ መሪ ከሚባለው ሰፈር ሳይቀር አዳዲስ ቡድኖች መጡ። ገና ላይ ጥርስ የሚረግፍበት ጊዜ አለፈ። ገመዳ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ እየሮጠ ሲሳደብ ይውላል፤ ከማለዲንም በሱ ሳምንት እንደዚያው። እንዲያ ስል ወዳጆች ሆኑ ማለቴ አይደለም። አንዱ የሌላውን ጨዋታ ቆሞ አይቶ አያውቅም።

የሚጣሉበት አንድ ልጅ ደግሞ ነበር። ኤጀታ ይባላል፤ የላይ ሰፈሯ የእንጨት ሻጭ የዲንቄ ልጅ። ሩሯን ሲመታት ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ታቋርጣለች። ቁመቱም እጁም ረጅም ነበርና ከማለዲን ለበረኛነት ፈለገው። ደጋግሞም ጠየቀ።

«ሁለቱንም መጫወት ይችላል ተባብለን የለም?» ይላል ከማለዲን።

«ሌላው ይችላል። ኤጀታ ጣቱ ቢሰበርብኝ ዱላውን አንተ ትይዝልኛለህ?»

ልጁ ራሱ በረኛ መሆን ይፈልግ እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ገመዳ፣ «ኳስ ጋ እንዳላይህ» ብሎታል፤ ነገሩ በዚያ አለቀ።

በ1979 መግቢያ ላይ ገረሱ የሚባል ካድሬ የከፍተኛው የስፖርት ኃላፊ ሆኖ መጣ። ከፍተኛ ማለት የብዙ ቀበሌዎች የበላይ ነው። ገረሱ የከፍተኛውን የእግር ኳስ ቡድን ዋንጫ ሊያስበላ ቆርጦ ተነስቶ ነበር። ከየቀበሌው ጎበዝ ጎበዙን ልጅ መረጠ። የተመረጠው ልጅ ከዚያ በኋላ ለሰፈሩ መጫወት አይችልም። ግን ከፍተኛውም አያጫውታቸውም፤ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ስለ ንቃት ንግግር ሲሰሙ ይውላሉ፣ ግጥሚያ የሚያገኙት በስንት ጊዜ አንዴ ነው። የጉቶ ሜዳ ቡድኖች ተራቸው ሲደርስ ሰው ጎደላቸው። ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተጻፈው ሁሉ ውሸት ሆነ።

ገመዳና ከማለዲን አብረው ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሄዱ። መንገዱን ሙሉ አልተነጋገሩም።

«ጓድ ገረሱ፣» አለ ገመዳ ገና ሳይቀመጥ፤ «ልጆቹን የምትፈልጉበትን ወራት ቀድማችሁ ንገሩን። በእነዚያ ወራት የእናንተ ይሁኑ። የቀረውን ለሰፈራቸው ይጫወቱ። አሁን የሚጫወቱት ለማንም አይደለም።»

ገረሱ ብዕሩን አስቀመጠ። «ሰፈር ምንድነው? ክለብ ምንድነው? ይሄ የግል ንብረት አስተሳሰብ ነው። ያለው የሰፊው ሕዝብ ስፖርት ነው።»

«ሰፊው ሕዝብ የሚጫወተው እኛ ጋ ነው። እርስዎ ጋ ያሉት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት።»

«ጴንጤው አንተ ነህ አይደል?» አለ ገረሱ። «የገና በዓል አዘጋጁ።»

ከማለዲን የገመዳን እጅጌ ጎተተው። ገመዳ እጁን አስለቀቀ። «አዎ፣ እኔ ነኝ። እርስዎስ ኳስ ተጫውተው ያውቃሉ?»

ውጪ ሲወጡ ከማለዲን ተናደደ። «ልትለምን ሄደህ ትሳደባለህ?»

«ልለምን ነው ብሎ ማን ነገረህ?»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ወደ 1980ው ገና ነው የሚወስደን። የዓመቱ የመጀመሪያ ግጥሚያ፣ ላይ ሰፈር ከታች ሰፈር፣ ገና ዕለት ጉቶ ሜዳ ላይ እንደሚደረግ ግድግዳው ላይ ከተጻፈ ሰንብቷል። ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ገረሱ ትእዛዝ ላከ። ከውጭ የመጡ እንግዶች መሪ አካባቢ የእግር ኳስ ትርዒት ያያሉ፤ የከፍተኛው ልጆች በሙሉ በዚያው ቀን እዚያ ይገኙ፤ ጉቶ ሜዳ ምንም ጨዋታ እንዳይደረግ። የቀበሌዋ ሊቀመንበር እታገኝ ራሷ ገመዳ ቤት ድረስ መጥታ ነገረችው። እሷ ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ፈሪ ነበረች።

«ጓድ ገመዳ፣ በሌላ ቀን አድርገው። ምን ይጎድልብሃል?»

«ትርዒቱን በሌላ ቀን ያድርጉት። እኛ ነን ቀድመን የጻፍነው።»

የገና ዕለት ሜዳው ዙሪያ በሰው ተሞላ። ገመዳ ለማንም ና አላለም፣ አትምጣም አላለም። ከከፍተኛው ልጆች ግማሾቹ ወደ መሪ መሄዱን ትተው ዱላቸውን ይዘው መጡ። ተሾመ አንደኛው ነበር። ጨዋታው ሲጀመር ዝናብ እንደሌለው ደመና ፀጥ ብሎ የነበረው ሕዝብ፣ ኤጀታ የመጀመሪያዋን ሩር ከድንበር ሲያሳልፍ ጮኸ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የገረሱ ላንድሮቨር ደረሰች። ከኋላዋ አብዮት ጥበቃዎች በእግር መጡ። ገረሱ በመስመሩ ላይ እየረገጠ መሃል ሜዳ ገባ።

«አቁም!»

ገመዳ አየው፣ ፊቱን አዞረ። «ተጫወቱ!» አላቸው ለልጆቹ።

«ፊሽካውን ንፋ ነው የምልህ!»

«ጨዋታው አላለቀም። ከመስመሩ ውጡ።»

ሕዝቡ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ነገሩን ያበላሸው፤ ገረሱ ስድብን ሳይችል አይቀርም ነበር፣ ሳቅን ግን አልቻለም። አንዱ አብዮት ጥበቃ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሴቱ ወንዱ እየተረጋገጠ ወደ ጫካው ሮጠ። ገመዳ ከቆመበት አልተነቃነቀም። በሰደፍ አገጩን ብለው ጣሉት፤ ሲያነሱት ፊሽካውን ነክሶ ይዞ ነበር። ጥርሱን በግድ አላቀው አወጡበት።

እስከ ፋሲካ ቀበሌው እስር ቤት ቆየ። አሳየች ስንቅ ታመላልሳለች። ስለ ጉቶ ሜዳ ሲጠይቃት፣ «ልጆቹ ደህና ናቸው» ብቻ ትለዋለች። ፊቷን እያየ የደበቀችው ነገር እንዳለ ገብቶታል።

ሲፈታ ቤቱ አልገባም። በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ። ግድግዳው ላይ አዲስ ጽሑፍ አገኘ። መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር ለከፍተኛው፤ የቀረው ለሰፈር ቡድኖች። እሱ የጠየቀው ራሱ ነበር፣ ቃል በቃል። ግን ያለው ኳስ ብቻ ነው። ስለ ገና አንዲት ቃል የለም። ከታች፣ በከፍተኛው ስፖርት ጽሕፈት ቤትና በአሠልጣኝ ከማለዲን ስምምነት ይላል።

ከማለዲንን በሩ ላይ ጎማ ሲለውጥ አገኘው።

«ገናን ሸጥከው።»

ከማለዲን ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጠና ቆመ። «እንኳን በሰላም ተፈታህ።»

«ገናን ሸጥከው ነው የምልህ!»

«አዎ፣ ሰጠሁት። ምን እንዳገኘሁበት ታውቃለህ? አንተ እዚያ ተቀምጠህ ሳለ አፈሳ ነበር። ልጆቹን ከመንገድ እያነሱ ለውትድርና ይጭኗቸዋል። ገረሱ ‹ገና የሚባለው ይቁም፣ ለኳስ ልጆችህ መታወቂያ እሰጣቸዋለሁ፣ አይነኩም› አለኝ። ተሾመ እቤቱ ነው ያለው። የሰብሪያ ወንድም ሙሐመድ እቤቱ ነው።» ሰብሪያ የከማለዲን ሚስት ናት፤ በር ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

«ኳስ የማይጫወቱትስ?»

ከማለዲን ፊቱን ወደ ሰብሪያ አዞረ።

«ኤጀታስ?»

«ወስደውታል» አለ ከማለዲን። «ወደ ሰሜን ነው አሉ።»

ገመዳ ያዘው። ለመማታት ግን ጉልበት አልነበረውም፤ ከእስር የወጣ ሰው ነው። ከማለዲን እጁን እያላቀቀ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ጮኸበት።

«ለበረኛነት ስጠኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩህ? ኳስ ጋ እንዳላይህ ያለው ማን ነው? አንዲት ቀን ለእኔ ተሰልፎ ቢሆን ስሙን አስገባው ነበር! እኔ አይደለሁም የሸጥኩት!»

በማግሥቱ ጠዋት ዲንቄ መጣች። ከላይ ሰፈር እንጨቷን ተሸክማ ስትወርድ ነው። ሸክሟን ሳታወርድ ሁለቱ በሮች መሃል ቆመች፤ ገመዳ ወጣ፣ ከማለዲንም ወጣ።

«እማማ ዲንቄ፣ ይግቡ» አለ ገመዳ።

«ቤታችሁ አልገባም» አለች። «ልጄን ለጨዋታ ብላችሁ ስትከፋፈሉት ነበር፤ አንዱ በዱላ፣ አንዱ በኳስ። መኪናው ሲመጣ ሁለታችሁም አልነበራችሁም። የናንተን መስመርና ተራ ምድር ትብላው።» መልስ ሳትጠብቅ ወደ ገበያዋ ወረደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመዳና ከማለዲን ቃል አልተለዋወጡም። አንዱ ግድግዳ መሃላቸው እንዳለ ነው። ሰብሪያና አሳየች በጓሮ በኩል ሊጥ ይበዳደራሉ፣ ልቅሶ አብረው ይደርሳሉ፤ ወንዶቹ ግን መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዱ ይሻገራል። ገመዳ ጉቶ ሜዳን ዳግም አልረገጠም። ኳሱ በተራው፣ በሰዓቱ ይደረግ ነበር፤ ያ ነው ይበልጥ የሚያቃጥለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጩኸቱ ሲሰማ ራዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። ጋራዥ ውስጥ ቁጣው ከቀድሞው ባሰ፤ ረዳት አንድ ወር አይቆይለትም።

በ1983 ግንቦት መንግሥቱ ወደቀ። ገረሱ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የተበተነው ወታደር ከሰሜን በእግሩ፣ በመኪና ጀርባ፣ ለምኖ እየበላ መግባት ጀመረ። ሰኔ ላይ ኤጀታ መጣ። ቁመቱ ያው ነው፣ ሥጋ ግን አልነበረውም። እናቱ ቤት ከርሞ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ገመዳ የሚሠራበት ጋራዥ በር ላይ ቆመ።

ገመዳ ከተኛበት ከመኪና ሥር ወጥቶ አየው። ለረጅም ጊዜ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። «ኤጀታ፣ ያ ሰውዬ እንዴት አድርጎ አሳልፎ እንደሰጠህ…»

«ጋሼ፣ ይተውት» አለ ኤጀታ።

«አይ፣ ስማኝ። እኔ እስር ቤት…»

«ሰምቻለሁ። የሁለታችሁንም ሰምቻለሁ፤ እናቴ ሁሉን ነግራኛለች። እኔ በረኛ መሆን እፈልግ ነበር፤ ጠይቀውኝ ያውቃሉ? አልጠየቁኝም። እሱም አልጠየቀኝም። እርስዎም እሱም ብትታረቁ ባትታረቁ ግድ የለኝም።» እጁን ኪሱ ከተተ። «የመጣሁት ሥራ ካለ ብዬ ነው። ስለ ጨዋታ የሚያወሩኝ ከሆነ አሁኑኑ እሄዳለሁ።»

ገመዳን እንዲህ ያናገረው ሰው አልነበረም። የራሱን ቱታ ከሚስማሩ አውርዶ ወረወረለት።

ሌሎቹ ረዳቶች ያልቻሉትን ኤጀታ ቻለ፤ ሲሰደብ አይሰማም። ገመዳ ሲጮህ ሥራውን አቁሞ ያየዋል፣ ሲጨርስ ይቀጥላል። ስለ ጉቶ ሜዳ በመሃላቸው ተነስቶ አያውቅም።

አዲሱ ዓመት ገብቶ፣ ጥቅምት ላይ የከማለዲን ታክሲ እየተጎተተች ገባች። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን በጥሳ ለጥቂት ነው የተረፈችው። በመንገዱ ላይ ሌላ ጋራዥ አልነበረም። ከማለዲን ወርዶ መኪናው አጠገብ ቆመ። ገመዳ መጥቶ ጎማውን ሳያይ ሰውዬውን ብቻ አየና ጀርባውን ሰጠው።

«ይቺን አልነካም» አለ ለጋራዡ ባለቤት።

ኤጀታ ነው የተነሳው። ጎማዎቹን ፈታ፣ የተቀደደውን ቧንቧ ለወጠ፣ ዘይት ሞላ። ከማለዲን አንዴ፣ «ኤጀታ፣ እኔ…» ሲል ልጁ መዶሻውን አንስቶ ብረት መቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሰውዬውም ተወው። የቀረው ከቧንቧው አየር ማስወጣት ነው። ያ ደግሞ ለአንድ ሰው አይሆንም።

ኤጀታ ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ «ሾፌሩ ይግባና ፍሬኑን ይርገጥ» አለ። ከማለዲን ገብቶ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ዘይቱ እንዳይጎድል ከላይ ይሙሉልኝ» አለው ኤጀታ ደግሞ ገመዳን።

ገመዳ የዘይቱን ቆርቆሮ አንስቶ መጣ።

«ርገጥ… ልቀቅ» ይላል ኤጀታ ከሥር። «ርገጥ… ያዝ… ልቀቅ። ጋሼ፣ ይጨምሩ።» ሁለቱ ሰዎች በተከፈተው የሞተር ኮፈን ወዲህና ወዲያ ሆነው የሚባሉትን አደረጉ። ከማለዲን መሪውን፣ ገመዳ ዘይቱን እያዩ ነው፤ አንዱ የሌላውን ፊት አላየም። ፍሬኑ ሲጠነክር ኤጀታ ከሥር ወጣ።

ከማለዲን ሒሳቡን ለጋራዡ ባለቤት ከፍሎ፣ ለማንም ደህና ዋል ሳይል ነድቶ ወጣ። ገመዳ በር ላይ ቆሞ መገናኛን ታጥፎ እስኪሰወር አየው።

«ፍሬኑ ለይቶለት ቢበጠስበት ይሻለው ነበር» አለ።

ኤጀታ እጁን በናፍጣ እየታጠበ ነበር። ታጥቦ ሲጨርስ የተበተኑትን ቁልፎች መሰብሰብ ጀመረ።